አየር ያለው ድምፅ

የጥርስ ሐኪሙን ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በጠበቃ ጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠበቃው መኪናውን ደጅ ያቆምና ጋራዡን ለጊታር ይለቅቃል፤ ሐኪሙና ሦስተኛው ጓደኛቸው፣ ኢንጂነሩ፣ ዕቃቸውን ተሸክመው እያለከለኩ ይመጣሉ። ከነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ጠበቃው በእጅ የተገመደ ነው የተባለለትን አዲስ ኬብል ሰክቶ ሲጫወት፣ ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ይሄ ያፍናል» አለ። ለምን እንዳለው እሱም አያውቅም፤ ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዶት ነበር። ኢንጂነሩ ኬብሉን ነቅሎ ቢያገላብጠው ጫፉ ላይ ያለው ብየዳ ለቆ ተገኘ። በቃ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ሐኪሙ ቃል ዕቃ የሚገዛ ጠፋ።

ቃሉ አጭር ነበር። «መሃሉ ትከሻ የለውም» ካለ፣ የጊታር ድምፅ መለወጫው ፔዳል በሳምንቱ ለሌላ ሰው ይሸጣል። «ሞቅ ማለቱን ሞቅ ይላል፣ ግን ያኮርፋል» ካለ ጠበቃው ችሎት ፊት ቆሞ እንኳ ስለ ኩርፊያው ያስባል። የመጨረሻው ምስጋና ግን «አየር አለው» የሚለው ነበር። አየር አለው የተባለ ዕቃ ዋጋው አይጠየቅም። አየር ማለት ምን ማለት እንደሆነም ማንም አልጠየቀም፤ ጠያቂው አልሰማሁም ማለቱ ነውና ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

መጫወቱን በተመለከተ፣ ሦስቱም የዘፈን መግቢያ ያውቃሉ። መግቢያ ላይ የሚያህላቸው የለም። ዘፈኑ ጠመዝመዝ ማለት ሲጀምር ግን አንዱ እጁን ያነሳና «ቆይ፣ ፔዳሉን ልቀይረው» ይላል፤ ሁለቱም ደስ እያላቸው ይጠብቁታል። የጠበቃው ጎረቤቶች ለዓመታት የሰሙት ጅማሬ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ቤት የእንግዳ መኝታ የነበረው ክፍል የጊታር ክፍል ሆኗል። አልጋው ወጥቶ ተሸጠና በቦታው የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ገባ። ይሄ አምፕሊፋየር ፋብሪካ የማያውቀው፣ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ በእጁ የሚሠራው ነው፤ ዋጋው ደህና መኪና ይገዛል። ገንዘቡ ስላለህ ብቻ ደግሞ አታገኘውም፤ ወረፋ አለው፣ ወረፋ ለመያዝም ለምን እንደፈለግኸው አስረድተህ ትጽፋለህ። ሐኪሙ ያንን ሲጽፍ የተጨነቀውን ያህል ሚስቱን ለትዳር ሲጠይቅ አልተጨነቀም። ሚስቱ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት። እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡ ሳሎን ሶፋ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ሲነሱ ወደ ተዘጋው ክፍል አየት አድርገው «እንግዳችሁ ደህና አደረ?» ይላሉ።

ነገሩ የተበላሸው በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ሲፈላ የሚያፏጭ፣ ሚስቱ የምትወደው ማንቆርቆሪያ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ጥዳው ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ሐኪሙ እዚያው ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ በስልኩ ስለ አንድ የብር ሽቦ ኬብል ያነባል። ማንቆርቆሪያው ፈላ፣ አፏጨ፣ ጮኸ፣ ውሃው አልቆ ቂጡ ተቃጠለ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በር ሲደበድብ ነው ሚስቱ በፎጣ ተጠቅልላ የወጣችው። ስትገባ ማዕድ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ባሏ ቀና ብሎ «የሆነ ነገር ሸተተኝ ልበል?» አላት።

አልጮኸችበትም። ምድጃውን አጥፍታ መስኮቱን ከፈተችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስጠራህ አቤት የማትለኝ ስንት ጊዜህ ነው» አለችው። «እኔ ንቀት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ጆሮህም ከሆነ ልወቀው፣ ንቀትህም ከሆነ ልወቀው።»

ሐኪሙ ንባብ ላይ ስለነበርኩ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። እሷ ግን ስልኩን አንስታ ታናሽ እህቱ ጋ ደወለችና ቀጠሮ ያዘችለት። እህቱ የመስማት ችግር ያለባቸውን ሰዎች የምትመረምር ባለሙያ ናት።

እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ ቀጠሮውን ጠላው ማለት አይቻልም። እንዲያውም በቅዳሜው ጋራዥ ውስጥ ኮራ ብሎ ተናገረው። ጠበቃው ውጤቱን በመስታወት አስገብተን እዚህ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን አለ። ኢንጂነሩ ደግሞ የሐኪሙ ጆሮ ከመሣሪያው አቅም በላይ እንዳይሆን ሰጋ።

እህቱ ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፋችበት፤ እጁ ላይ የሚጫን ቁልፍ ሰጠችውና ድምፅ በሰማ ቁጥር እንዲጫን ነገረችው። መጀመሪያ ወፍራም ወፍራሙ መጣ፤ ተጫነ። ከዚያ መሃከለኛው መጣ፤ ተጫነ። ከዚያ ዝም አለ። ሐኪሙ ጠበቀ። እህቱ ስልክ ተደውሎላት ይሆናል ብሎ አሰበ። ሻይ ልትጠጣም ወጥታ ይሆናል። እስክትመለስ ማዳመጫውን በልቡ መገምገም ጀመረ፤ መሃሉ ትከሻ እንደሌለው ወሰነ። በሩ ተከፈተ።

«አልቋል ወንድም ጋሼ» አለችው።

«ምኑ? ገና አልጀመርሽም እኮ።»

እህቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ልጅ ሆና ቁስሏን የሚያጥብላት እሱ ነበር፤ ለዚህ ይሁን ለሌላ፣ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። ወፍራሙን ድምፅ ደህና እንደሚሰማ፣ ቀጭኑ ግን ከሁለቱም ጆሮው እንደሄደ፣ የሄደውም ትናንት እንዳልሆነ ነገረችው። የመጀመሪያው ጥፋተኛ የጥርስ መሰርሰሪያው ነው፤ ጆሮው ሥር ሲጮህ ኖሯል። የተረፈውን ደግሞ ቤቱ ባለችው የጊታር ክፍል ውስጥ ጊታሩ ጨረሰው።

«የሄደው የትኛው ነው?» አላት።

«የላይኛው። የወፍ ጩኸት፣ ፉጨት፣ ከቃል ውስጥ ‹ሰ› እና ‹ፈ›። የልጆች ድምፅ። የሴት ድምፅም ቢሆን ግማሹ።»

«አየሩስ?»

«የምን አየር?»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ያገላብጠው ጀመር።

«የዚህ ገመድ ምንድን ነው?» አላት በመጨረሻ።

«ገመድ ነው ወንድም ጋሼ።»

የመስሚያ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ሲሰማ መጀመሪያ አንገቱን ደፋ፤ ቆይቶ ግን የገዢነት ወጉ ተቀሰቀሰበት። የትኛው ሥሪት ይሻላል? ልዩነታቸው ምንድን ነው? በእጅ የሚሠራ የለም ወይ? እህቱ በእጅ የሚሠራው ሹራብ ነው አለችና፣ ለሁሉም ሰው የምትሰጠውን ከሁለቱ ጆሮዎቹ ጀርባ አስቀመጠችለት።

መንገድ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ወረቀት እየቀደደ መሰለው። የሰዉ ጫማ ይንቋቋል፤ ፌስታል ይንኮሻኮሻል፤ የገዛ ኮቱ ክንዱን ባወዛወዘ ቁጥር ሹክ ይላል። ክሊኒኩ ገብቶ ወንበሩ ላይ የተጋደመችውን ሴትዮ አፍ አስከፈተና መሰርሰሪያውን አስነሳ። ወዲያው እጁን መለሰ። ለካ ይሄ ነገር እንዲህ ነው የሚጮኸው! ስንቱን አዋቂ ሰው «የዝንብ ያህል ድምፅ ያስጨንቅሃል?» ብሎ አሹፎበታል። ስንቱን ሕፃን ፈሪ ብሎታል። ሴትዮዋ ምን ሆኑ ዶክተር ስትለው ይቅርታ ጠየቃት፤ ለምን እንደጠየቃት ግን አልገባትም።

ማታ እንደገባ በቀጥታ ወደ ጊታር ክፍሉ ሄደ። እስካሁን በተደፈነ ጆሮ ይህን ያህል ከጣፈጠኝ፣ አሁን ምን ሊሆን ነው ብሎ ጓጉቷል። አምፕሊፋየሩን አበራው። ሽሽሽሽ አለው፤ ዘይት በጋለ መጥበሻ ላይ እንደተደፋ ያለ ድምፅ። ኬብሉን ቀየረ፤ ሽሽሽ። ሁለተኛውን፣ ጓደኞቹ በእጃቸው ለመንካት የሚለማመጡትን ኬብል ሰካ፤ ሽሽሽ። ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ነቃቀለ። ባዶው አምፕሊፋየር ብቻውን ቀርቶም መጥበሱን አላቆመም። ሠሪው ዘንድ ደወለና ዕቃዬ ተበላሽቷል አለው። ሠሪው ስልኩን ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲያስጠጋው ጠየቀው፤ ካዳመጠ በኋላ ምንም እንዳልተበላሸ፣ ከእጁ ሲወጣም እንዲህ እንደነበር፣ ይሄ እስትንፋሱ እንደሆነና ሌላ ሰው ለእስትንፋሱ ብሎ ጨምሮ እንደሚከፍል ነገረው።

ጊታሩን አንስቶ መግቢያውን ተጫወተ። ይሄም ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ዘይት ያጣ በር ይመስላል። ሁለተኛው ክር ይንዛዛል። ቅኝቱ ራሱ ወለም ያለ ነው። መጫወቱን ሳያቋርጥ ሚስቱ የታጠፈ ልብስ ይዛ በበሩ በኩል ስታልፍ ሰማት፤ እግሯንም ሰማ፣ ለራሷ ያለችውንም ሰማ።

«ደግሞ ጀመረው» አለች።

«ምኑን ጀመርኩት?» አላት።

ሚስቱ ልብሱን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። ለዓመታት ሲያሻት ስትራገም፣ ሲያሻት ስታሾፍ፣ ሰሚ በሌለበት እንደልቧ ስትናገር ኖራለች። አሁን ከክፍሉ ውስጥ መልስ መጣ። ቀስ ብላ አንገቷን አስገባች፤ ከጆሮው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ነገር አየች።

«ይሄ አምፕሊፋየር ድሮም እንዲህ ሽሽሽ ይላል?» አላት።

«ከመጣ ጀምሮ። የመጀመሪያ ቀን ዝናብ መስሎኝ የተሰጣ ልብስ ሮጬ አስገብቻለሁ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጣህበት ለሽሽሽታው መስሎኛል።»

ሐኪሙ አምፕሊፋየሩን አጠፋው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከጸጥታው ውስጥም የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ሰማ። ይሄ ሰዓት ይቆጥራል እንዴ ሊላት ፈለገና፣ ለዛሬ ይብቃኝ ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ወደ ጋራዡ ሲሄድ ፀጉሩን በመስሚያዎቹ ላይ አበጥሮ ነው። ሊናገር አላሰበም። ጠበቃው ወረፋ ሲጠብቅለት የከረመው ፔዳል ደርሶለት ከጥጥ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ያወጣዋል። ኢንጂነሩ አጠገቡ ተንበርክኮ ያያል። ሰካው፤ ተጫወተ፤ ሁለቱም እንደ ወትሯቸው ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ሐኪሙ ዓይኑን መጨፈኑን ረስቶ ግንባሩን ቋጥሮ ነበር።

«ያፏጫል» አለ።

ጋራዡ ዝም አለ። ዝም አለ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ፔዳሉ እያፏጨ፣ ሦስቱ አምፕሊፋየሮችም ሽሽሽ እያሉ ነበር።

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማፏጨቱንማ ያፏጫል» አለ። «የእኔም ያፏጫል፤ አንተው ነህ ያስገዛኸኝ። አየር የምትለው እሱን አልነበረም እንዴ?»

ሐኪሙ ጓደኞቹን አያቸው። ቀስ ብሎ ገባው። ሁለቱም ከጅምሩ ሽሽሽታውን ይሰሙታል። አስጠልቷቸዋል። ግን ጆሮ አየር አለው ካለ፣ እነሱ ያልገባቸው ነገር አለ ማለት ነው ብለው ተቀበሉ፤ ቆይቶ ሽሽሽ የማይል ዕቃ ሲያዩ ርካሽ እየመሰላቸው ይንቁት ጀመር። ሽሽሽ የሚል ዕቃ ፍለጋ ስንቱን ሱቅ አዳርሰዋል፤ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ደንቆሮ ወዶታል መባሉ ነው።

ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ አንዱን መስሚያ አወለቀና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ሁሉንም ነገራቸው፤ መሰርሰሪያውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ድምፅ ይጀመርልኛል ብሎ የተቀመጠባትን ጠባብ ክፍል። ይስቁብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ቢስቁበት እንዴት በተሻለው! ጠበቃው ጎንበስ ብሎ መዳፉን እያየ «የማን ሥሪት ነው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሐኪሙ ጆሮ የተናገረ የለም። ክርክሩ በሙሉ ስለ መስሚያው ሆነ። ኢንጂነሩ እንዲህ ያለ መሣሪያ ድምፁን የራሱን ቀለም እንደሚቀባው፣ ስለዚህም ሐኪሙ የሰማው ፉጨት የመስሚያው እንጂ የፔዳሉ ላይሆን እንደሚችል አስረዳ፤ ከደቂቃ በፊት ራሱ ያፏጫል ማለቱን ማንም አላስታወሰውም። ጠበቃው ደግሞ ሐኪሙ በመስሚያው የሚሰማውን እሱ እንዳይሰማ ምን ይከለክለዋል ብሎ ተከራከረ። ሰኞ ዕለት የሐኪሙ እህት ዘንድ ሄደ። መርምራው ጆሮህ ፍጹም ጤነኛ ነው፣ ምንም አያስፈልግህም ስትለው፣ እንደተሰደበ ሰው ተናዶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ፣ ለልዩ አድማጮች ብቻ ነው የተባለ፣ ቀፎው ከወይራ እንጨት የተጠረበ ነገር አስመጣና ሁለት ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ጋራዡ ውስጥ ተሰየመ። ያንን ከሰካ ወዲህ ሰው ሁለቴ ካልጠራው አይሰማም። «ጆሮ» የሚለው ስም ወደ እሱ ዞረ።

ሐኪሙ አምፕሊፋየሩን ሊሸጥ አወጣው። ማን ይገዛዋል፣ ጉዱን ሁሉም አውቋል ብሎ ነበር። ኢንጂነሩ በዚያኑ ቀን መጥቶ ጫነው። ሲጭን እያዘነ ነው፤ ሐኪሙን በትከሻው አቅፎ፣ ጆሮህ በዚያ መሣሪያ ሳይበላሽ፣ ንጹሕ በነበረበት ጊዜ የመረጥከው ዕቃ ነው፣ እጠነቀቅለታለሁ አለው። 

ክፍሉ ውስጥ አልጋ ገባ። የሚስቱ እናት መጥተው አደሩበትና ጠዋት ፍራሹ ጠንካራ ነው ብለው አማረሩ። ሐኪሙ ለጊታሩ፣ ትምህርት ቤት ልጆች የሚለማመዱበትን ዓይነት ትንሽ አምፕሊፋየር ገዛ፤ ፀጥ ያለች፣ ማዕድ ቤት ጥግ የምትቀመጥ ናት። ወደ ጋራዡ መሄድ ስላቆመ ግን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። የናፈቀው ድምፁ እንዳልሆነ ያውቃል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ወለል ላይ ተንበርክከው ስለ ሽቦ የሚጨቃጨቁበት ጊዜ ነው የናፈቀው። ለሚስቱ ይህን ሲነግራት ልታሾፍበት አስባ ፊቱን ስታይ ተወችው፤ ወጣ ብለን እንራመድ አለችው፤ መንገድ ላይ የምትለውን ሁሉ ሰማላት፤ ሁሉም ደስ የሚል አልነበረም።

ብርዱ ሲገባ ኢንጂነሩ ጉንጩ አብጦ ክሊኒኩ መጣ። የኋላ መንጋጋው ተቦርቡሯል። ሐኪሙ ማደንዘዣውን ወጋውና እስኪሠራ ድረስ ስለ ጋራዡ ጠየቀው። ኢንጂነሩ ሰብሰብ እንደሚሉ፣ ጠበቃው አሁን ብዙ እንደማይጫወት፣ ቁጭ ብሎ ብቻ እንደሚያዳምጥ ነገረው። ከዚያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከንፈሩ ግማሹ ስለደነዘዘ ቃሉ እየተንሸራተተ ወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ። ልዩነት አለው?»

«ምኑ?»

«የእኛ ዕቃና ሌላው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው።»

ሐኪሙ የእጅ ጓንቱን እያጠለቀ አሰበበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ሁሉም የጠየቁት የትኛው ይሻላል ብለው ነበር።

«ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ አለው እልህ ነበር፤ አልሰማም ነበር እንጂ። አሁን ሳዳምጠው፣ አለው። ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«አንተ ራስህ ስትጫወት ትለየዋለህ፤ ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው አይለየውም። አንድ ዘፈን ጥሩ አድርገህ ስትጫወት ደግሞ አንተም ትረሳዋለህ።»

«ያን ሁሉ ገንዘብ ያህል ግን…»

«አይ። ያን ያህልስ አይደለም።»

ኢንጂነሩ የሚያዝን መስሎት ሐኪሙ ጠበቀው፤ ፊቱ ላይ ያየው ግን የሚያም ጥርሱ የተነቀለለት ሰው እፎይታ ነበር፤ ያውም ገና ሳይነካው።

«ሽሽሽታው ራሴን ያመኛል» አለ ኢንጂነሩ። «ሲጀመርም ያመኝ ነበር።» ደግሞ ወዲያው የሐኪሙን ክንድ ያዘ። «ለጠበቃው ግን እንዳትነግረው። የወይራውን ነገር ለእኔም አዞልኛል፤ ቅዳሜ ይደርስልኛል።»

ሐኪሙ መስሚያዎቹን አውልቆ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ከመሳቢያው የጆሮ መድፈኛ አውጥቶ አንድ ጥንድ ለራሱ፣ አንድ ጥንድ ለኢንጂነሩ አደረገ። ከዚያ መብራቱን አወረደና አፍህን ክፈት ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው።